ሰው ያጣው በሽተኛ



በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት፥ በመጻጉዕ፥ በመጠመቂያው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለ ታመመው ሰው የሚናገረው ወንጌል ይነበብልናል (ዮሐ. 5፥1-9)። ጌታችን መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ በሽተኛው ስለ ሕመሙ አልተናገረም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው እንዳጣ ነው የነገረው። ውኃው ቅርብ ነበር፤ ረዳት ግን አልነበረም።

ይህን ወንጌል በሰማሁ ቍጥር አንድ ምእመን ትዝ ይለኛል። ስለ መጠጥ ደጋግሞ ወደ ንስሓ ይመጣ ነበር። ሁልጊዜ ያለቅሳል፤ ሁልጊዜም ከእንግዲህ እንደማይቀምስ ቃል ይገባል። እኔም ፍትሐት ሰጥቼ፥ «በርታ፥ ጸልይ» ብዬ አሰናብተዋለሁ። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በአረቄ ቤቶች መካከል እንደሚያልፍ እያወቅሁ፥ ማን አብሮት እንደሚሄድ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። በመጨረሻ መምጣቱን ተወ። ባለቤቱን ብጠይቃት፥ «አባ፥ በምን ፊቴ እመለሳለሁ ይላል» አለችኝ። ያን ጊዜ ጥፋቴ ተገለጠልኝ። ኃጢአቱን ሰምቻለሁ፤ ሕመሙን ግን ብቻውን እንዲሸከም ትቼዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያን መጠጥን ያለ ልክ መውሰድ ከመጠን የመኖርን ምግባር እንደሚጻረር ታስተምራለች። ነገር ግን ሱስ ሥር ከሰደደ በኋላ ፈቃድን የሚያስር ሕመም ጭምር ይሆናል። ስለዚህ ተግሣጽ ብቻውን አይፈውሰውም።

ይህን እውነት በሕይወታቸው ያስተማሩን ሁለት የመጠጥ ሕሙማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ለሥራ ወደ አክሮን፥ ኦሃዮ ሄዶ ነበር። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖታል። ሥራው ከሸፈበት፤ በሆቴሉ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ሳለም የመጠጥ ቤቱ ድምፅ ይጠራው ጀመር። እርሱ ግን ወደ ስልኩ ዞረ፤ በከተማው ካሉ አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች ወደ አንዱ ደውሎ፥ እንደ እርሱ በመጠጥ የተቸገረ ሰው እንዲያገናኙት ለመነ። በዚህም መንገድ ከቀዶ ሐኪሙ ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ሁለቱም ለሰዓታት ተነጋገሩ። ዶክተሩ መጠጥ ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሰበት ሰኔ 10 ቀን 1935 አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበር የተመሠረተበት ቀን ሆኖ ይታሰባል። በ1939 ደግሞ ሲስተር ኢግናሲያ የተባሉ መነኩሲት በአክሮን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ከዶክተሩ ጋር ሆነው ለእነዚህ ሕሙማን አልጋ ሰጡ።

የማኅበሩ ስብሰባ ቀላል ነው። ክፍያ የለውም፤ የሚጠየቀውም መጠጥን ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ሰው በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ይጠራል፤ ያለፈበትን ይናገራል፤ የሌላውን ያዳምጣል፤ የሰማውንም ምስጢር ይጠብቃል። ብዙዎቹ ስብሰባዎች በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቢደረጉም ማኅበሩ የየትኛውም ሃይማኖት አይደለም። ምስጢረ ንስሓንና ቅዱስ ቍርባንን አይተካም፤ ወደ እነርሱ የሚመለሰውን ሰው ግን ያቆመዋል። ለቤተሰብም እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው አል-አኖን አለ።

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን እንዲህ ያለውን ስብሰባ በምትኖሩበት ከተማ ማግኘት አይቸግራችሁም። በአገራችን ግን በየሰፈሩ አይገኝም፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን፥ በሌላ ስፍራ በአቅራቢያ ያለውን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ለብዙ ጊዜ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም መንቀጥቀጥና ለሕይወት የሚያሰጋ መንዘፍዘፍ ሊደርስበት ይችላልና፥ አስቀድሞ ሐኪም ይየው። ስብሰባ በሌለበትም ተስፋ አንቍረጥ። በማኅበሩ ልማድ፥ ከመጠጥ ለመራቅ የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አንድ ጉባኤ መሆን ይችላሉ። ጌታችንም በስሙ ለሚሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች የሰጠውን ተስፋ እናውቃለን (ማቴ. 18፥20)።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ ስብሰባው የት እንዳለ ማወቅ የእናንተ ተግባር ይሁን። ቦታውን ነግራችሁ ብቻ አታሰናብቱ፤ በመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ አብራችሁ ሂዱ፤ ያ በር ለሚያፍር ሰው ተራራ ነውና። ምእመናንም በክርስትናና በሠርግ ድግስ «በሞቴ» እያልን ጠላና አረቄ ማስገደዱን እንተው። ለሚታገል ወንድም በክብር የቀረበለት ውኃ ከጠጅ ይበልጣል።

ወደዚያ ምእመን ቤት ሄድሁ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ወደ ሐኪም አብረን ሄድን፤ ከዚያም ከሱስ ከተላቀቀ አንድ ሰው ጋር አገናኘሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን የሚያነሣው ሰው አልታጣም። ዛሬ በቍምስናችን አዳራሽ በየሳምንቱ አምስት ሆነው ይገናኛሉ፤ በሩን የሚከፍተውም እርሱ ነው።

በጎረቤታችን እንዲህ ሰው አጥቶ የተኛ ቢኖር፥ ጌታ እኛን ወደ እርሱ ይላከን። የሁሉ መድኃኒት የሆነው የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።