ፊት ያለው ሸክላ

በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በቀጨኔ መድኃኔዓለም ዙሪያ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ዕቃቸውን ሲደረድሩ ጀበናው ከጀበና፣ ምጣዱ ከምጣድ፣ ድስቱ ከድስት ጋር ነው። ከዳር ደግሞ ወጥ የማይሠራባቸው፣ ቡና የማይፈላባቸው ትንንሽ ነገሮች ይቀመጣሉ፤ አንበሳ፣ ግመል፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ልጇን ያቀፈች እናት። ጀበና የሚገዛ ሰው የተሰነጠቀ እንደሆነ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ምጣድ የምትገዛ ሴት ቤቷ ወስዳ የምታሟሸውን ታስባለች። ትንሹን አንበሳ ያነሳ ሰው ግን ሳይታወቀው አዙሮ ፊቱን ያያል።

ጭቃ መሆኑን ያውቃል፤ ቢሆንም ያየዋል። ሰው ፊት ያለው ነገር በእጁ ሲሠራ ከሠሪው ወደ ተሠራው የሚያልፍ ነገር አለ ወይ? ነገሩ የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ ንጉሥ አስቆጥቷል፣ መነኮሳት አስገርፏል፣ በዚህችው አገር አንድን ወገን ለብዙ ዘመን ከጎረቤቱ ማዕድ አርቋል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይታሻል። የሚሽከረከር መንኮራኩር የለም፤ ሁሉም በእጅ ነው። ምስሉ ትንሽ ከሆነ ድፍን ሊሆን ይችላል፤ ተለቅ ካለ ግን ሆዱ ባዶ መሆን አለበት፤ ባዶው ሆድ ደግሞ መውጫ ያስፈልገዋል። በውስጡ የታፈነ እርጥበት እሳት ሲያገኘው መውጫ ካጣ ምስሉን ያፈነዳዋል፤ ስለዚህ ሠሪዋ ከሥሩ አንዲት ቀዳዳ ትተውለታለች። አካሉ ከቆመ በኋላ ጎፈሩ በስንጥር ይጫራል። ዓይኑ በስንጥሩ ጫፍ የተወጋ ነጥብ ነው። ነጥቡ ትንሽ ዝቅ ካለ አንበሳው ያዘነ ይመስላል፤ ከፍ ካለ የደነገጠ። ከዚያ በጥላ ይደርቃል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ በእሳት ይበስላል፣ የሚጠቁረውም በጭስ ይጠቁራል።

የአብነት ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሰው ይህን ሲያይ አራቱን ባሕርያት ማስታወሱ አይቀርም። ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት የአዳም ሥጋ ከአፈር፣ ከውሃ፣ ከእሳትና ከነፋስ ነው፤ ነፍሱ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤ ድምሩ ሰባት። ሸክላ ሠሪዋ ከሰባቱ አራቱን በእጇ ይዛለች። አፈሩን ታቦካለች፣ በውሃ ታለሰልሳለች፣ በነፋስ ታደርቃለች፣ በእሳት ታጸናለች። ከአራቱ በኋላ ያሉት ሦስቱ የእርሷ ድርሻ አይደሉም፤ ሃይማኖቱ ድንበሩን ያሰመረው እዚያ ላይ ነው።

የሚገርመው ይህን ድንበር ለማሳየት የቀደሙት መጻሕፍት የመረጡት ምሳሌ የልጅ መጫወቻ መሆኑ ነው። በተአምረ ኢየሱስ ሕፃኑ ኢየሱስ ከጭቃ ወፎች ሠርቶ ያበርራቸዋል። ቁርኣንም በአል ዒምራን ምዕራፍ ዒሳ ከጭቃ የወፍ ቅርጽ ሠርቶ እፍ እንደሚልበትና በአላህ ፈቃድ ወፍ እንደሚሆን ይናገራል። በሁለቱም ጭቃ መጠፍጠፉ ተአምር አይደለም፤ ያንን ማንም እረኛ ያደርገዋል። ተአምሩ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው።

የእስልምና ሊቃውንት ነገሩን በሕግ ለመለየት ብዙ ደክመዋል። በሐዲስ እንደተነገረው ነፍስ ያለው ነገር ቀርጾ የሠራ ሰው በቂያማ ቀን ለሠራው ነፍስ ስጠው ይባላል፤ አይችልም። ማስጠንቀቂያው ከባድ ነው። ይሁንና ያው የሐዲስ መዝገብ የነቢዩ ባለቤት እናታችን ዓኢሻ በልጅነታቸው አሻንጉሊቶች እንደነበሯቸው፣ ከእነርሱም መካከል የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ እንደነበረ ይተርካል። ነቢዩ ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብለው መለሱ፤ ነቢዩም ሳቁ። ከዚህ በመነሳት ብዙ ሊቃውንት የልጅ መጫወቻን ከክልከላው ለይተው ፈቀዱ።

ይህ ልዩነት ከሚመስለው በላይ ብልህነት አለበት። ጣዖት ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጣል እንጂ አይጣልም፤ አይጎተትም፤ ጆሮው አይበጠስም። የገጠር እረኛ ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬ ሠርቶ ይጠምደዋል፣ ያርስበታል፣ ይገርፈዋል፣ ሲመሽ ረግጦት ይሄዳል። የከተማ ልጅም እቃቃ ስትጫወት የጨርቅ ልጇን ታጠባለች፣ ትቆጣታለች፣ ታስተኛታለች፣ ከዚያ ደጅ ረስታት ትገባለች። ለአሻንጉሊት የሚሰግድ ልጅ የለም። አሻንጉሊቷ ሕይወት እንደሌላት ልጅቷ ታውቃለች፤ እንዳላት አድርጋም ትኖራለች፤ ሁለቱ አይጋጩባትም። ለጎልማሳ የሚከብደው ይህ ነው።

ወደ ሌላ አገር ሻገር ብንል ነገሩ በድብ አሻንጉሊት ላይ ይጎላል። ኢትዮጵያ ድብ የለባትም፤ የአዲስ አበባ ልጅ ድብን የሚያውቀው በአሻንጉሊትነቱ ወይም ዳዊት በጎች ሲጠብቅ ከገደላቸው አራዊት አንዱ ሆኖ ነው። በጀርመን፣ ጊንገን በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደችው ማርጋሬቴ ሽታይፍ በሕፃንነቷ በፖሊዮ እግሮቿ ሽባ ሆነው፣ ቀኝ እጇም ደክሞ ያደገች ልብስ ሰፊ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1880 ከወፍራም ሱፍ ጨርቅ ትንሽ ዝሆን ሰፋች፤ ዓላማው መርፌ መሰኪያ እንዲሆን ነበር። ልጆች ግን ቀምተው ተጫወቱበት። ዝሆኑን አሻንጉሊት ያደረጉት እንግዲህ ሠሪዋ ሳትሆን ልጆቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 የወንድሟ ልጅ ሪቻርድ እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ ነደፈ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ለአደን ወጥተው ታስሮ የቀረበላቸውን ድብ አልተኩስም ማለታቸው በጋዜጣ ካርቱን ወጣ፤ ብሩክሊን ውስጥ ሱቅ የነበራቸው ሞሪስ ሚችተምም በእርሳቸው ስም የጨርቅ ድብ አወጡ። (ድቡ ግን አልተረፈም፤ ከስቃዩ ይረፍ ተብሎ በቢላ ተገደለ። አሻንጉሊቱን አቅፎ የሚተኛ ሕፃን ይህን ባያውቅ ይሻላል።)

ድቡን ፋብሪካ በገፍ ካመረተው በኋላ ደግሞ በተለይ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በጃፓን አንድ በአንድ በእጅ የሚሰፉ ሰዎች በዙ። ከፍየል ጠጉር በተሠራ ጨርቅ ይሰፋሉ፤ የመስታወት ዓይን ይተክላሉ፤ ሥራቸው ላይ ስማቸውን ይጽፋሉ። እነዚህ ሰዎች ዓይኑ ሲተከል የሚሆነውን ሲናገሩ የሃይማኖት ሰው ይመስላሉ፤ ዓይኑ እስኪገባ ጨርቅ ነበር፣ ከገባ በኋላ ግን ያየኛል ይላሉ። ገዢውም መረጥኩት ማለቱን ትቶ መረጠኝ ይላል። ቋንቋቸውን እንደ ማጋነን ቆጥረን ብናልፈው እንኳን ስሜቱ እውነት ነው፤ የቀጨኔን አንበሳ አዙሮ ፊቱን ያየውም ሰው ይጋራዋል።

ጎልማሳ ግን እንደ ልጅ ሁለቱን አብሮ መያዝ ሲያቅተው ጣጣ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ካርቱም ውስጥ አንዲት እንግሊዛዊት አስተማሪ ሕፃናት ተማሪዎቿ ለክፍሉ ድብ አሻንጉሊት ስም እንዲያወጡ አደረገች። ልጆቹ የሚወዱትን ስም፣ መሐመድን መረጡ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ 15 ቀን እስራት ተፈረደባት፤ ጥቂት ቀን ታስራ በይቅርታ ወጣች። ልጆቹ ለመጫወቻ የሰጡትን ስም ዳኞቹ ለጣዖት የተሰጠ ያህል አነበቡት።

ይህን የሱዳን ነገር ብሎ መሳቅ ለኢትዮጵያዊ አያምርም። እኛ ዘንድ ጥርጣሬው ከተሠራው ዕቃ ዘሎ ሠሪው ላይ ነው ያረፈው።

በ15ኛው መቶ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ስግደት ለአብ፣ ለወልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም አሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስገረፏቸው፣ አካላቸውን አስቆረጡ፤ ገድላቸው ያንን ሁሉ ይዘረዝራል። ክርክሩ ቀለምና እንጨት ምን ይይዛል የሚል ነበር፤ ንጉሡ ይይዛል ሲሉ መነኮሳቱ ለስግደት የሚበቃ አይይዝም አሉ። ማንም ያሸንፍ፣ ቢያንስ የተከራከሩት ስለ ሥዕሉ ነው። የሠዓሊው ዓይን ሰው ይበላል ያለ አልነበረም።

በሸክላ ሠሪ፣ በቀጥቃጭ፣ በፋቂና በሸማኔ ላይ የተባለው ግን ሌላ ነው። ቡዳ ነው ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ፤ የጌታን ችንካር የቀጠቀጡት የእርሱ ዘሮች ናቸው ተባለ። ቡዳ ነው ያሉትን ሰው ጀበና ግን ሁሉም ቡና ያፈሉበታል፤ በምጣዱ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ማረሻውን ወስደው ያርሱበታል። ከሠሪው እጅ ወደ ዕቃው ክፉ ነገር የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ጀበና የሚጠጣ ማን ነበር? አያልፍም ከተባለ ደግሞ እጁ ምን አጠፋ? ይህን ማንም ሲጠይቅ አልተሰማም፤ ቡናው ግን ይጠጣ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ነገሩን ከሥሩ ሊነቅሉት ሞከሩ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው መስደብ ይቅር፤ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ ነው፤ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው፤ ከዚህ በኋላ የተገኘ ይታሰራል የሚል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምም አይተው ነበር፤ ባለ እጅ ያላከበረ አገር ጠመንጃውንም ማረሻውንም ከውጭ ይገዛል። የክርክሩ ጉልበት ያለው ግን አዳምን በመጥራቱ ላይ ነው። በሃይማኖቱ ትምህርት የመጀመሪያው ሰው ራሱ ከአፈር የተበጀ ነው፤ ነቢያቱም እግዚአብሔርን በሸክላ ሠሪ መስለው ተናግረዋል። ይህን እያነበቡ ሸክላ ሠሪን መጸየፍ እንዴት እንደሚገጥም ያስረዳ አንድምታ አልተገኘም።

ቀጨኔ በአዋጁ ጊዜ ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነበረች። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ሲከትሙና አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከሰሜን ሸዋ የመጡ ባለ እጆች ከእንጦጦ ሥር ሰፈሩ። ዘሮቻቸው ብዙዎቹ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ከመካከላቸው ግን ትውልዳችን ከቤተ እስራኤል ይመዘዛል የሚሉ፣ እዚያው ቀጨኔ ምኩራብ ያላቸውም አሉ። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ሽሮ ሜዳ ላይ ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች ጥበብ ይሠራሉ፤ ከተማው ለበዓል የሚለብሰውን ያህል ሠሪውን አላከበረም።

አዋጁ ስድቡን ከአደባባይ አወረደው፤ ከቤት አላስወጣውም። የጋብቻ ወሬ ሲነሳ አሁንም የዘር ጥያቄ ይከተላል።

ሐሜቱን በተግባር የፈተነው የወለቃ ታሪክ ነው። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በዚህች መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ለእንግዳ የሚሸጡ ትንንሽ ምስሎቻቸው የታወቁ ሆኑ፤ የዳዊት ኮከብ ያለባቸው አንበሶች፣ የቄሶችና የእናቶች ምስል። የተቀረጸ ምስል የምትከለክለውን ኦሪት የሚጠብቁ ሰዎች ይህን መሥራታቸው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ለመጫወቻና ለገበያ እንጂ ለስግደት እንዳልሠሩት ግልጽ ነው። ከዚያ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከፊሉ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ሌላው በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ። ቤቶቹ ቀሩ፤ እንግዳው ግን ምስሉን ፈልጎ መምጣቱን አላቆመም። ስለዚህ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጭቃውን አንስተው ያንኑ አንበሳ፣ ያንኑ ኮከብ ይሠሩ ጀመር። ዛሬም መንገድ ዳር ይሸጣሉ።

ቅርጹም አፈሩም ያው ነው፤ የተለወጠው እጁ ብቻ ነው። ቡዳነት ከሙያው ጋር የሚመጣ ቢሆን ኖሮ በአዲሶቹ ሠሪዎች ላይ መታየት ነበረበት። በዘር የሚወርድ ነው ከተባለ ደግሞ ሙያው ለዘመናት የተነቀፈው በከንቱ ነበር። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ አይቻልም፤ ሐሜት ግን ምክንያት ሲጎድለው አይፈርስም፣ ሌላ ይፈልጋል።

የሽታይፍ ቤት ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእያንዳንዱ አሻንጉሊት ጆሮ ላይ ትንሽ የብረት ቁልፍ ይተክላል፤ ማን እንደሠራው እንዲታወቅና እንዳይመሳሰልበት። በእጅ የሚሰፉትም ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ዋጋው የሚወጣው በስሙ ነው። የቀጨኔ አንበሳ ምልክት የለውም፤ ገዢውም ማን ሠራው ብሎ አይጠይቅም። ስም መጻፍ ትዕቢት ነው፣ የእኛ ወግ አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል፤ ግን ፍሬ ጽዮን በዚያው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሣለው የእመቤታችን ሥዕል ጣና ላይ ደጋ እስጢፋኖስ ይገኛል፣ ስሙም ተጽፎበታል። የእመቤታችን ሠዓሊ ስሙን ካኖረ፣ አንበሳ ለሠራች እናት ሃይማኖቱ የሚከለክላት ነገር አይታይም። ጭቃው ሳይደርቅ በስንጥር ሁለት ፊደል መጫር ብዙ ጊዜ አይወስድም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ስሟና ሰፈሯ ታትሞ የሚዞር ሴት ልጇን ስትድር ያ ጽሑፍ ዋጋ ይጨምርላታል ወይስ ይቀንስባታል? ለዚህ መልስ መስጠት ያለበት የሚገዛውና የሚዳረው ሰው ነው፤ እርሷ የራሷን ሥራ ጨርሳለች።