መክሊቱ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። አሜን።

የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ይባላል፤ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። ስያሜውን ያገኘው ጌታችን ካስተማረው የመክሊት ምሳሌ ነው። አንድ ጌታ ወደ ሌላ ሀገር ሲሄድ አገልጋዮቹን ጠርቶ ገንዘቡን አስረከባቸው። ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱም አንድ መክሊት፣ ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ ሰጠ። ሁለቱ ነግደው አተረፉ። ሦስተኛው ግን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ከብዙ ዘመን በኋላ ጌታቸው ተመልሶ መጣና ተቆጣጠራቸው /ማቴ. 25፥14-30/።

ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ለሦስተኛው እናዝናለን። «ምስኪን! አንድ ብቻ ተሰጥቶት ምን ያድርግ?» እንላለን። ነገር ግን አንድ መክሊት ትንሽ ገንዘብ አልነበረም፤ ስድስት ሺህ ዲናር ያህል ነበር። አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ መሆኑን በወይኑ ቦታ ምሳሌ እናነባለን /ማቴ. 20፥2/። እንግዲህ አንድ መክሊት ማለት አንድ ሰው ሰንበትንና በዓላትን እያከበረ ሃያ ዓመት ያህል ሠርቶ የሚያገኘው ነው። አፈር የለበሰው ይህን ያህል ነው።

ደግሞም ልብ በሉ። ሁለት የተቀበለው አገልጋይ የሰማው ምስጋና አምስት ከተቀበለው ጋር አንድ ነው /ቁ. 21 እና 23/። ጌታው «ከጓደኛህ በስንት በለጥህ?» ብሎ አልጠየቀም። ሦስተኛውም የተፈረደበት ስለ ሰረቀ ወይም ስላባከነ አይደለም። መክሊቱን ሳያጎድል መልሷል። ጥፋቱ ገንዘቡ ለምን እንደተሰጠው መርሳቱ ነው።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። «እግዚአብሔር ለምን ፈጠረኝ? የእኔ ዓላማ ምንድን ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ማን አለ? ሥራ ያጣው ወጣት ይጠይቃል። ጡረታ የወጡት አባት ይጠይቃሉ። ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረችው እናት ትጠይቃለች። መልሱንም ብዙ ጊዜ ከሩቅ እንጠብቃለን። ወንጌሉ ግን በእጃችን ያለውን አይተን «ይህ የማን ነው? የተሰጠኝስ ለማን ብዬ ልሠራበት ነው?» እንድንል ያስተምረናል።

አባ ጳኩሚስን እናስብ። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ገና ክርስቶስን ሳያውቁ፣ በላይኛው ግብፅ ለሮም ጦር ተገደው ከተመለመሉት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። ምልምሎቹ በአንዲት ከተማ ተዘግቶባቸው ሳለ የማያውቋቸው ሰዎች ምግብና መጠጥ ይዘውላቸው መጡ። ጳኩሚስም «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ለምንስ ይራሩልናል?» ብለው ጠየቁ። ክርስቲያኖች መሆናቸውንና ስለ አምላካቸው ብለው ለሰው ሁሉ በጎ እንደሚያደርጉ ተነገራቸው። በዚያች ሌሊት ጸለዩ፤ ከዚህ ብወጣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን አገለግላለሁ ብለው ተሳሉ። በኋላም ተጠምቀው መነኮሱ፤ በዓባይ ዳር መነኮሳት አብረው የሚጸልዩበት፣ አብረው የሚሠሩበትና ከአንድ ማዕድ የሚበሉበትን የአንድነት ኑሮ መሠረቱ። ሥርዓታቸውም ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ለእኛም ደርሷል። ያን ቀን ምግብ ያመጡት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። ያመጡትም ከቤታቸው የተገኘውን ነው። እግዚአብሔር ግን በዚያ ምግብ ታላቅ አባት አተረፈበት።

ወገኖቼ! መክሊት የሚቀበለው ግለሰብ ብቻ አይደለም። የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴው፣ ሰበካ ጉባኤው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሁሉም መክሊት አላቸው። ማኅበርም መክሊቱን ሊቀብር ይችላል።

ይህን የምለው በሌላ ለመፍረድ አይደለም፤ እኔው ራሴ አባል ከሆንኩበት ማኅበር ያየሁትን ልናገር። በወር በወር በ12 በቅዱስ ሚካኤል ስም ጽዋ እንጠጣ ነበር። ሲመሠረት አንድ ድፎ ዳቦ፣ ጥቂት ንፍሮና ጠላ ይበቃ ነበር፤ የተረፈውም በቤተ ክርስቲያኑ በር ለተቀመጡ ነድያን ይወሰድ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ድግሱ አደገ። አንዱ አንድ በግ ሲያርድ ቀጣዩ ሁለት አረደ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተከራየን። ነድያኑ ተረሱ፤ ጸሎቱም አጠረ። ማንም ክፉ ነገር ሠራን አላለም፤ «ማኅበራችን ደመቀ» ነበር የምንለው።

ከዕለታት አንድ ቀን ባለተራ የሆነችው እኅታችን ጽዋውን በልጇ እጅ ለሙሴው መልሳ ላከች። እርሷም ቀረች። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር አለፈ። እኛም «ሰነፈች» አልን፤ እኔም ከተናገሩት አንዱ ነኝ። ሙሴያችን ግን እንቅልፍ አጥተው ቤቷ ድረስ ሄዱ። «ልጄ፣ ምነው ጠፋሽ?» ቢሏት እንዲህ አለች፦ «አባባ፣ ቅዱስ ሚካኤልን ጠልቼ አይደለም። ከሥራ ወጥቻለሁ፤ የቤት ኪራይ አለብኝ። እናንተን የምደግስበት አጣሁ።» ሁለቱ ልጆቿም በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤት ቀርተው ነበር። እኛ በየወሩ ስንበላ የከረምነው ለእነዚያ ሕፃናት ደብተር ይተርፍ ነበር።

በሚቀጥለው ማኅበር ሙሴው ቆመው አልቆጡንም። «ይህን ጽዋ የምንጠጣው በማን ስም ነው?» ብቻ አሉን። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ከዚያ ወዲህ ዝክሩ ወደ ዳቦና ንፍሮ ተመለሰ፤ ለድግስ ይወጣ የነበረው በሣጥን መግባት ጀመረ። እኅታችንም ተመልሳ መጣች። ልጆቿም በዓመቱ ትምህርት ጀመሩ። ያለፈባቸውን ዓመት ግን ማናችንም ልንመልስላቸው አልቻልንም። መክሊት መቅበር እንዲህ ነው፤ ንስሐ ብንገባም የተራበው ሰው የተራበበት ቀን አይመለስም።

በሐዋርያት ዘመንም በየዕለቱ በሚሰጠው ምግብ አንዳንድ መበለቶች ተረስተው ማጉረምረም ሆኖ ነበር። ሐዋርያት «ምን ያጉረመርማሉ?» ብለው አልገሠጹም። ጸሎትንና ቃሉን ማገልገልንም አልተዉም። በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተሞሉ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አድርገው ሾሙ፤ ከእነርሱም አንዱ ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። የተረሱት ሲታሰቡ የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ ሄደ /ሐዋ. 6፥1-7/። እንግዲህ የማኅበር ጤንነት የሚለካው በተገኙት ብዛት ብቻ አይደለም፤ የቀሩትን በመፈለግም ነው።

ታዲያ በዚህ ጾም ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ማታ ከጸሎት በኋላ በእጃችን ያለውን እንቁጠር፦ ሙያችንን፣ ጊዜያችንን፣ ጉልበታችንን። ሒሳብ የምታውቅ የሰፈርህን ልጅ አስጠናው። መርፌ መውጋት የምትችዪ ነርስ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ጎረቤትሽን ጠይቂ። ታክሲ የምትነዳ ወንድሜ፣ አንዲት አሮጊት እናት ቤተ ክርስቲያን አድርስ። ሁለተኛ፣ በጾሙ ያልበላነው ምሳ ዋጋው ኪሳችን አይቅር፤ ነቢዩ ኢሳይያስ እንዳስተማረን ለተራበው እንቁረስለት /ኢሳ. 58፥7/። ሦስተኛ፣ በማኅበራችን «ማን ቀረ? ለምን ቀረ?» ብለን እንጠይቅ፤ ጠይቀንም ቤቱ እንሂድ።

ምእመናን ሆይ! ጌታው ከብዙ ዘመን በኋላ መጣ ይላል እንጂ ቀረ አይልም። ዛሬ ግን ገና ቀን ነው። የቀበርነው ካለ ቆፍረን እናውጣው፤ አፈሩን አራግፈን እንሥራበት።

እንደ በጎው አገልጋይ በጥቂቱ ታምነን ወደ ጌታችን ደስታ እንድንገባ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱስ ሚካኤል ጥበቃ አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።