ከቦኖው ፊት ማን ይቅደም?

በስሜን ተራሮች ግርጌ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ለሚጠራ መንገደኛ በር ይከፈትለታል። በአገራችን ወግ እንግዳ አክባሪ ቤተ ሰብ አስቀድሞ የእግር ውሃ ያቀርባል፤ አገሩንና ወገኑን የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይሁንና እንግዳው አንድ ሳይሆን ሺህ፣ የሚሰነብተውም ለአንድ ሌሊት ሳይሆን ለዓመታት ቢሆን፣ ምንጩም ለባለቤቱ እንኳ ባይበቃ ወጉ ይጸናልን? ይህ ለደባርቅና ለዳባት ሕዝብ የምናብ ጥያቄ አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ያፈናቀላቸው የአዲ አርቃይ፣ የዛሪማና የማይ ጸብሪ አካባቢ ሰዎች የሊማሊሞን ዳገት ወጥተው ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ጎረፉ። የቆላው ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ፣ በጉምና በዝናብ ውስጥ ተጠለለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች በትግራይ ተዋጊዎች እጅ ተገደሉ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች በዚያው ወረዳ በአለምዋጭ እንዲሰፍሩ ተደረገ። እንዲህም ሆኖ ተፈናቃዩ፣ ሐዘን የተቀመጠው ነባር ነዋሪና ትግርኛ ተናጋሪው ስደተኛ ጎረቤታሞች ሆኑ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ቦቴ መኪና ውሃ ያመላልሳል፤ ሮቶ ይተከላል፤ ውሃው በክሎሪን ይታከማል፤ መጸዳጃ ይቆፈራል። ዓለም አቀፉ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር እንዲደርሰው ይጠይቃል። ይህም አምስት ነፍስ ላለው ቤት 75 ሊትር፣ ማለትም አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የማይሞላ ነው። ከዚህ ሲጎድል አስቀድሞ የሚቀረው እጅ መታጠብ ነው፤ ተቅማጥም ይከተላል።

ታዲያ ማን ይቅደም? «ከወገኔ ይጀመር» የሚለውን ሰው በችኮላ አንኮንነው። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም ለቅርብ ሰው የበለጠ ግዴታ እንዳለብን አስተምሯል። ነገር ግን በብርቱ ችግር ላይ የወደቀ ባዕድ፣ ያን ያህል ካልተቸገረ የገዛ አባት እንኳ ሊቀድም እንደሚችል በዚያው ትምህርቱ ገልጿል። እንግዲህ ዝምድና የዘወትሩን ግዴታ ይመራል፤ በጥም ጊዜ ግን መለኪያው ጥሙ ነው። ካሪታስ ኢንተርናሽናሊስም ከቀይ መስቀልና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ርዳታ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በዜግነት ሳይለይ በችግር መጠን ብቻ እንዲሰጥ ያዛል።

«በሽታ አጥር አያግደውም፤ ለእነርሱ ካላሰብን ለእኛም ይተርፈናል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ብልኅነት እንጂ ምሕረት አይደለም። የጎረቤታችን ጥም እኛን የማይጎዳ ቢሆንስ ኖሮ እንተወው ነበርን?

ከባዱ ነገር ግን ሌላ ነው። ዘመዱ የተገደለበት ሰው «የእኔን ደም ማን ጠየቀልኝ?» ቢል ጥያቄው የተገባ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ውሃ መካፈል ፍትሕን መተው ወይም ሐዘንን መርሳት አይደለም። ነገር ግን ስደተኛው ያን ደም አላፈሰሰም፤ ቋንቋውም ወንጀል አይሆንበትም። ደም የሚጠየቀው በችሎት ነው፤ ቦኖ ችሎት አይደለም።

ይኸው ሚዛን ረጂዎችንም ይመዝናል። ከመንደር ምንጭ የተሳበ ቧንቧ መንደሩን አልፎ ለመጠለያው ብቻ ቢደርስ፣ ርዳታው ራሱ አድልዎ ይሆናል። እንግዳውን ሲያጠጡ የባለቤቱን ጥም አለማየት ቂምን መዝራት ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀስቅሶ በሕዝቡ ላይ ተጨማሪ መከራ አምጥቷል። ስለዚህ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ለልጆች ስናስተምር አንድ ነገር እናስተውል፤ በመንገድ ዳር የወደቀው ሰው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ምሳሌው አይነግረንም። የተነገረን መቁሰሉ ብቻ ነው፤ ለሳምራዊውም ይህ በቃው። የመሸበትን እንግዳ የሚያስገባው ወጋችንም ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ አስቀድሞ ውሃው ይቅረብ፤ ጥያቄው ይደርሳል።