የሚንኳኳው የቀድሞው በራችን ነው

ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን የምጽፈው አዝኜ ነው፤ ተግሣጹም ከራሴ ይጀምራል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም የምንኖር እኛ፣ ወላጆቻችንን ለማስመጣት ዓመታት ደጅ የጠናን፣ በአውሮፕላን ማረፊያ በእልልታና በአበባ የተቀበልናቸው፣ ክፍል አሰናድተን፣ ጋቢ ደርበን፣ ከአልጋቸው ራስጌ ሥዕለ አድኅኖ የሰቀልንላቸው፣ «እንግዲህ ዕረፉ» ብለን ጉልበት የሳምናቸው፣ በማግስቱ ለሁለት ፈረቃ ሥራ በሌሊት ስንወጣ፣ በዚያው ራስጌ ያኖርነው ስልክ በጭንቅ ሰዓት ማንን እንደሚጠራ፣ የተጠራውስ ወደየትኛው ደጅ እንደሚሮጥ ሳንጠይቅ በሩን ዘግተንባቸው ሄድን። አደራ በላን።

አላወቅንም ማለት አይቻለንም። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው የድሮው ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ስለ ነበር የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ድምፁ አይጠፋም፤ ሽቦው ከአንድ ቤት ጋር የታሰረ ስለ ነበር 911 የደወለ ሰው መናገር ቢያቅተው እንኳ ቤቱ ይታወቅ ነበር። ርካሽ ነው ብለን የተቀበልነው የኢንተርኔት ስልክ ግን ከራውተር ጋር የተሰካች ትንሽ ሣጥን ናት። መብራት ሲሄድ ትሞታለች፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ትሞታለች። ነቅለን ወደ ሌላ ቤት፣ ወደ ሌላ ግዛትም ብንወስዳት በዚያው ቁጥር ትሠራለች፤ የት እንዳለች ግን ራሷ አታውቅም። ጥሪውን ለየትኛው የ911 ማዕከል እንደምታደርስና አምቡላንሱ የት እንደሚላክ የሚወስነው ስንመዘገብ እኛ የሞላነው አድራሻ ነው። የሞላነው ካረጀ፣ ያረጀውን ታደርሳለች።

ይህም ተሰውሮብን አልነበረም። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ትእዛዝ፣ አገልግሎቱን የሚሸጡ ሁሉ የደንበኛውን አድራሻ አስቀድመው እንዲመዘግቡ፣ 911 የማይሠራበትን ሁኔታ እንዲያስጠነቅቁ፣ ማስጠንቀቂያው መድረሱንና መስተዋሉን ደንበኛው ራሱ እንዲያረጋግጥ፣ በስልኩ ላይ የሚለጠፍ ማሳሰቢያም እንዲሰጡ አዟል። እኛስ? ማሳሰቢያውን ከካርቶኑ ጋር ጣልነው። አንብበናል ብለን ተስማማን። አላነበብንም።

እኔ የበደልሁትን ልናገር። ከሜሪላንድ አፓርትመንት ወደ ቨርጂኒያ ቤት ስንዛወር፣ ባንኩን ነገርሁ፤ እድሩን ነገርሁ፤ የሰበካ ጉባኤውን ነገርሁ፤ የአማዞን ዕቃ የሚመጣበትን አድራሻ እንኳ ገና ሣጥኖቹ ሳይፈቱ ቀየርሁ። የስልኩን ተውሁት። ሦስት ዓመት ተውሁት። አንድ ቀን ማለዳ የእናቴ ስኳር ወርዶ ላብ ሲያጠምቃት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ በዚያ ስልክ 911 ደወለች። ጥሪው ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ ገባ። ተቀባይዋ የቀድሞውን አፓርትመንት ቁጥር ስታነብላት «እዚያ አይደለንም» ያለችው ሕፃን ልጅ ናት፤ ትክክለኛውን እየነገረች፣ ጥሪው ወደ ቨርጂኒያ እስኪዛወር እየጠበቀች፣ የአያቷን እጅ ይዛ ቆመች። እናቴ ተረፈች። ልጄ ትምህርት ቤት በነበረችበት ሰዓት ቢሆንስ? እንግሊዝኛ የማትችል፣ ምላሷ የተያዘ አሮጊት ብቻዋን ቀፎውን አንሥታ ቢሆንስ? አምቡላንሱ ፈጥኖ ይደርስ ነበር፤ ሌላ ሰው ወደሚኖርበት ቤት።

እንዲህ ያለው ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ፣ በካልጋሪ ከተማ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ታሞ ቤተሰቡ በኢንተርኔት ስልክ ርዳታ ጠሩ። በመዝገቡ የነበረው ግን ቀድሞ የኖሩበት የሚሲሳጋ አድራሻ ነበር። አምቡላንሱ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ ነበረው ወደዚያ ተላከ። ሕፃኑ ሞተ። በሐዘንተኞቹ ላይ ለመፍረድ አላነሣሁትም፤ በእነርሱ የደረሰውን ሰምተን ያልተመለስን እኛ ነን።

ስለ መብራቱም ልናገር። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ሌሊት በዚህ አካባቢ የነፈሰውን ማዕበል የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ብዙው ቤት ለቀናት ጨለመ፤ በሰሜን ቨርጂኒያ የ911 ማዕከሎች ራሳቸው ጥሪ መቀበል ተሳናቸው። የሌላው ጉድለት ግን የእኛን አያነጻም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሚሽኑ በራሳቸው መስመር የቤት ስልክ የሚሰጡ ድርጅቶች ለሚፈልግ ደንበኛ ስልኩን ለስምንት ሰዓት፣ በኋላም ለሃያ አራት ሰዓት የሚያቆይ መጠባበቂያ ባትሪ እንዲያቀርቡ አዘዘ። ማቅረብ እስከ እ.ኤ.አ. 2025 የእነርሱ ግዴታ ነበር፤ ገዝቶ ማኖር የእኛ ነው። ዘይት ሳይዙ መብራት ይዘው ስለ ወጡት ደናግል በየዓመቱ እንሰማለን፤ ራሳችንን እየነቀነቅን፣ ስለ ሌሎች የተነገረ መስሎን።

ከዚህም የከፋ አለ። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ሲጨነቁ የሚነኩት ቫይበርን ወይም ዋትስአፕን ነው፤ እኛ ያስተማርናቸው እርሱን ብቻ ስለ ሆነ። በእነዚህ 911 አይደወልም። ከአገር ቤት ዘመድ ጋር ለሰዓታት ሲያወሩ አይተን ደስ አለን፤ በቅርባችን ያለውን አምቡላንስ እንዴት እንደሚጠሩ ግን አላሳየናቸውም። በመሳቢያ የጣልነው አሮጌ ሞባይል ውል ባይኖረውም ቻርጅ እስካለውና ከዛሬው መረብ ጋር የሚሠራ እስከ ሆነ ድረስ፣ መረብ ባለበት 911 ይደውላል፤ አንዱን እንኳ አውጥተን ሞልተን በአጠገባቸው አላኖርንም። ቤዝመንት የምንከራይ ደግሞ የቤቱን ቁጥር ሞልተን ቤዝመንት መሆኑን አንጽፍም፤ የአምቡላንሱ ሰዎች የፊቱን በር ሲደበድቡ ሕመምተኛው ከበታቻቸው ወድቆ ይቀራል።

ንስሐ እንግባ ስል እንባ ብቻ አይደለም የምለው። ዛሬ ማታ፣ ከጸሎት በኋላ፣ እያንዳንዳችን ወደ ስልኩ ሂሳብ እንግባና የተጻፈውን አድራሻ እስከ ክፍሉ ቁጥር እናንብብ። በብዙ አገልግሎት ሰጪዎች 933 ሲደወል የተመዘገበው አድራሻ ተነቦ ይሰማል፤ እንስማው፤ የምንሰማው ካሳፈረን እንፈር። ለእናቶቻችንም አስተርጓሚ እንዲጠራላቸው «አምሃሪክ» የምትለዋን አንዲት ቃል እናስጠናቸው።

እኔ ጀምሬአለሁ። የቤቱን ቁጥር እናቴ ይዛዋለች፤ የመንገዱ ስም አልያዝ ብሏታል። ትናንት ማታ አምስት ጊዜ አስደገምኋት፤ በስድስተኛው «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርህ?» አለችኝ።