ያለፈው ወር ነፈቃ

አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። አንድ አባት ከፍቺ በኋላ የልጁን ነፈቃ ለስምንት ወር ሳይሰጥ ቢቀር፣ ልጁ ግን በእነዚያ ወራት በልቶና ለብሶ፣ ትምህርቱንም ሳያቋርጥ ቢከርም፣ አባትየው ዕዳ አለበትን? ወይስ ያለፈው አልፏል?

ጥያቄው ከኪታብ የመጣ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር እንዲህ ያለ ጉዳይ ለማየት ተቀምጦ ነበር። እናትየው አንድ ደብተር ይዛ መጣች። ያልተከፈለው እያንዳንዱ ወር ተጽፎበታል፤ ከጎኑም ጉድለቱ በምን እንደተሞላ፦ ከእህቴ ብድር፣ ከሱቅ በዱቤ፣ የጆሮ ጌጤ ተሽጦ። አባትየው ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና «ልጁ እንደሆነ ይኸው አድጓል፤ ያለፈውን መቁጠር ምን ይጠቅማል?» አለ። እኛም ወደፊት እንዲከፍል አስማማን። እርሷን «ያለፈውን ለአላህ ብለሽ ተዪው፣ ሶብር አድርጊ» አልናት፤ ዱዓ አድርገንም ተነሣን። በዚያ ቀን መልካም የሠራን መስሎን ነበር።

መሸሸግ የማይገባ ነገር አለ። በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ የታወቀው አቋም፣ የልጅ ነፈቃ ቃዲ ካልወሰነበት በቀር ጊዜው ሲያልፍ ዕዳ ሆኖ አይቀመጥም የሚል ነው። ነፈቃ የተደነገገው ችግርን ለመሸፈን ነውና የትናንቱ ረሃብ ከትናንት ጋር አልፏል ይባላል። ግን እስቲ አስቡት፤ እንዴት አለፈ? ሌላ ሰው ከፈለበትና አለፈ። የልጁ ሆድ የሞላው ከእናቱ ጆሮ በወረደ ወርቅ ነው። ዑለማው የተነጋገሩት ቃዲ አስገድዶ ስለሚያስከፍለው ነገር ነው እንጂ፣ እያለው የከለከለ አባት በአላህ ዘንድ ነፃ ነው አላሉም።

ያጣ አባት ሌላ ነው። በሱረቱ ጦላቅ ውስጥ ሀብታሙም ድሃውም እንደየአቅሙ እንዲሰጥ ታዟል። ያጣ ሰው «አጣሁ» ይበል፤ ያለችውንም ታህል ይስጥ። እኛ ፊት የተቀመጠው ሰው ግን በዚያው ዓመት ሁለተኛ ሠርግ ደግሶ ነበር። «ልጄን አታሳየኝም» የሚልም ክስ ነበረው፤ እውነት ከሆነ በደል ነው። ግን የከለከለው ልጁ አይደለም፤ ስለምን ልጁ ይቀጣል?

የሂንድ ቢንት ዑትባን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። በትዳር ላይ ሳለች፣ ባሏ አቡ ሱፍያን ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አመለከተች። እርሳቸውም በአግባቡ የሚበቃቸውን ያህል ከገንዘቡ እንድትወስድ ፈቀዱላት። ሶብር አድርጊ አላሏትም፤ ባልሽን አማሽው ብለውም አልገሠጿትም። እኛ ግን ሶብርን ከባለዕዳው ላይ አንሥተን በከፈለችው ላይ ጫንነው። እርሷ ከኪሷ ያወጣችውን ይቅር ማለት ትችል ይሆናል፤ ነፈቃው ግን የልጁ ሐቅ ነበርና «ተዪው» ለማለት እኛ ማን ነበርን?

ሌላም ስሕተት ሠራን። ጉዳዩን በቃል ቋጨነው። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሁለቱ ወገኖች በዳኝነቱ ከተስማሙ የነፈቃን ጉዳይ ያያሉ። አንዱ እምቢ ካለም መደበኛው ፍርድ ቤት «ቀለብ» ብሎ ያየዋል። ውሳኔ በእጇ ቢኖር ኖሮ የተዘለለው ወር ማስረጃ ይኖረው ነበር። በእኛ ሽምግልና ግን የቀራት ያው ደብተሯ ብቻ ነው።

አባትየው ሁለት ወር ከፍሎ አቆመ። እርሷም ወደ እኛ ተመልሳ አልመጣችም። ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ ስንወጣ አገኘኋትና ስለ ልጁ ጠየቅኋት፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነው» አለችኝ። ስለ ደብተሩ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዘልኝም።