የደግ ቀን ሲጋር

ሲጋራ አላልኩም፤ ሲጋር ነው ያልኩት። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ «ሰውየው በዚህ ዕድሜው ማጨስ ጀመረ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሲጋራ በወረቀት የተጠቀለለች፣ በየሱቁ በፍሬ የምትሸጥ፣ አምስትና አሥር ደቂቃ የማትሞላ ነገር ናት። ሲጋር ግን ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ነው። በእጅ ይጠቀለላል፣ ተቀምጦ ያረጃል፣ ትልቁን ለመጨረስ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሐኪሞች ሁለቱንም አይወዷቸውም። የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ ባይሳብ እንኳ ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር እንደሚዳርግ ይነግሩናል፤ እውነታቸውን ነው። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ ጤና ሳይሆን ስለ ቀን ነው።

ሰፈራችን ውስጥ «ጋሼ» የምንላቸው ሰው አሉ። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው የኦጋዴን ጦርነት ካበቃ በኋላ ወደ ኩባ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው። አባታቸው ከዚያ ጦርነት አልተመለሱም። ጋሼ ያደጉት «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው የኩባ ደሴት ላይ፣ ግማሽ ቀን እየተማሩ ግማሽ ቀን ብርቱካን እየለቀሙ ነው። በኋላ ሃቫና ገብተው ምሕንድስና አጠኑ። በ1981 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሁለት ነገር ይዘው መጡ፤ አንድ ዲግሪና አንድ ሳጥን ሲጋር። ሳጥኑ ውስጥ 25 ፍሬ አለ።

ሲጋሩ የእርሳቸው ብቻ አልነበረም። ሃቫና ውስጥ በየእሑዱ ምሳ የሚጋብዟቸው፣ በሲጋር ፋብሪካ ቅጠል ሲጠቀልሉ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼንና ከደሴቲቱ ጀምሮ አብሯቸው ያደገውን ጓደኛቸውን ሲሸኙ፣ ከድርሻቸው እየቆጠቡ ያጠራቀሙትን ሳጥን ሰጧቸው። «ለሁለታችሁ ነው፤ ደግ ቀን ሲገጥማችሁ አብራችሁ አጭሱት» አሏቸው።

ነገሩ የተበላሸው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ደግ ቀን የትኛው ነው?

ሲጋር ማስቀመጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰባ በመቶ ገደማ እርጥበት፣ ከሃያ ዲግሪ ብዙ የማይርቅ ሙቀት ይፈልጋል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ይሻግታል። ጋሼ ሳጥኑን እንደታሸገ በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠው፣ አጠገቡ ውሃ የነካ ስፖንጅ እያኖሩ፣ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ እንደ ሕፃን አሳደጉት። በበጋ ስፖንጁን ያርሳሉ፣ በክረምት ያወጡታል። ሳጥኑን ግን አይከፍቱትም።

ጓደኛቸው ሲመጣ ዓይኑ ወደ ቁም ሣጥኑ ይሄዳል። «እህሳ፣ ዛሬ አይደለም?» ይላል። ጋሼ ሥራ የያዙ ዕለት «ገና ደመወዝ ሳልበላ?» አሉ። ሲያገቡ «ወንድሜ፣ ሠርግ ላይ ማን ተረጋግቶ ያጨሳል!» አሉ። ልጃቸው ስትመረቅ ሊከፍቱት ደርሰው ነበር፤ «ታናሿም ትመረቅና በአንድ ላይ» ብለው ተዉት። የሚሊኒየሙ ዋዜማ፣ የ2000 ዓ.ም. መስከረም ሊጠባ ሲል፣ ቆርቆሮውን ሳሎን ድረስ አምጥተውት ነበር። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጋሼ መልሰው አስገቡት። ለምን? «ሁሉም ሰው የሚያከብረው ቀን የእኛ ቀን አይደለም» አሉ። አያችሁ፣ ሰው ላለመደሰት ሲነሳ ምክንያት አያጣም።

በዚህ ፈተና የተፈተኑት ጋሼ ብቻ አይደሉም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1962 በኩባ ላይ የንግድ እገዳ ከመፈረማቸው በፊት፣ የፕሬስ ኃላፊያቸውን ፒየር ሳሊንጀርን ጠርተው አንድ ሺህ የኩባ ሲጋር እንዲፈልግላቸው አዘዙት። ሳሊንጀር ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ በማግሥቱ ጠዋት 1,200 ፔቲት ኡፕማን አግኝቶ መጣ፤ ፕሬዚዳንቱም ይህን እንደሰሙ እገዳውን ፈረሙ። በሌላው ሰው ላይ በር ሊዘጉ ሲሉ የራሳቸውን ጓዳ ሞሉ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሒሳቡ ነው። በቀን አንድ ቢያጨሱ 1,200 ሲጋር ከሦስት ዓመት በላይ ያስኬዳል። እርሳቸው ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው፣ በኖቬምበር 1963 ተገደሉ። ሲጋር ማስቀመጫ ሳጥናቸው ግን ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ኒውዮርክ ውስጥ በሐራጅ 574,500 ዶላር ተሸጠ። ሳጥን ሁልጊዜ ከባለቤቱ የበለጠ ዕድሜ አለው።

ባለፈው ዓመት የጋሼ ጓደኛ አረፈ። ቤታቸው ከቤታቸው በሁለት ታክሲ የሚደረስ ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ ኋላ ኋላ የሚገናኙት እንደ ብዙዎቻችን ለቅሶ ቤት ነበር። ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው «አንድ ቀን ተገናኝተን እንጫወት እንጂ» ይባባላሉ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ድንኳን ይገናኛሉ። በመጨረሻው ድንኳን ጋሼ ብቻቸውን ተቀመጡ።

ከሠልስቱ ሲመለሱ ቆርቆሮውን አወጡና ሳጥኑን ሰብረው ከፈቱት። ከላይ የታየው ቡናማ ዱቄት ነበር። ትንባሆ የሚበላ ነቀዝ አለ። ሙቀት ሲያገኝ ይፈለፈልና ከአንዱ ሲጋር ወደ ሌላው እንደ መርፌ እየበሳ ያልፋል። መቼ እንደገባ ማን ያውቃል! ከ25ቱ ያልተነኩት አራት ብቻ ነበሩ። ነቀዙ ደግ ቀን አልጠበቀም።

እኔ የተጠራሁት አንድ እሮብ ከሰዓት በኋላ ነው። በዓል አይደለም፣ ልደት አይደለም፣ ውጭ ልብስ ተሰጥቶ ነበር። ጋሼ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አውጥተዋል። ከአራቱ አንዱን በጥንቃቄ ጫፉን ቆረጡና፣ ክብሪቱን ከቅጠሉ ትንሽ አርቀው፣ እያሽከረከሩ ለኮሱት። አንድ ሁለቴ ስቤ አሳለኝና መለስኩላቸው። ሽታው ግን እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ያረጀ ቆዳ፣ ማር፣ ዝናብ የነካው አፈር።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ሳስቷል» አሉኝ። «ሲጋር ሲቀመጥ ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣል፤ እውነት ነው። ከልክ ሲያልፍ ግን ኃይሉም መዓዛውም ይለቀዋል። እኔ እየጣፈጠልኝ ነው እያልኩ እየሞተብኝ ነበር።»

ከዚያ ስለ ፋብሪካው አጫወቱኝ። ጠቅላዮቹ በረድፍ ተቀምጠው ሲሠሩ ከፊታቸው ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንባቢ ይቀመጣል። ጠዋት ጋዜጣ፣ ቀጥሎ ልቦለድ ያነብላቸዋል። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1865 ሃቫና ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የተጀመረ ነው፤ በጥንቱ ጊዜ ለአንባቢው የሚከፍሉት ሠራተኞቹ ራሳቸው እያዋጡ ነበር። ሞንቴክሪስቶ የተባለው ስመ ጥር ሲጋርም ስሙን ያገኘው ከአሌክሳንደር ዱማ ልቦለድ ነው። «እነዚያ ሰዎች» አሉኝ ጋሼ፣ «ለሌላው ዓለም የደግ ቀን ዕቃ እየሠሩ፣ እዚያው ሥራቸው ላይ እያጨሱት ነበር። የእኛ ሽማግሌም በየቀኑ ያጨስ ነበር። ደግ ቀን ሲለን የተለየ ቀን አልመሰለውም ነበር መሰለኝ። እኛ ነን ያከበድነው።»

ይህን ካሰብኩ ወዲህ አንድ ነገር አልወጣልህ አለኝ። እኛ ለክፉ ቀን ማስቀመጥን በደንብ እናውቃለን። ድርቅና ጦርነት ያስተማረን ስለሆነ የሚያስነቅፍ አይደለም። ጎተራው፣ ዕቁቡ፣ ዕድሩ ሁሉ ከዚያ ጥበብ የወጣ ነው። ስህተታችን ለደግ ቀን የሚሆነውንም በዚያው ደንብ ማስቀመጣችን ነው። ክፉ ቀን መታወቂያ አያስፈልገውም። ሲመጣ በር ሳያንኳኳ ገብቶ «እኔ ነኝ» ይላል። ደግ ቀን ግን ስሙን አይናገርም። እንደማንኛውም እሮብ መስሎ ይመጣል፤ አንድ ሰው ተነስቶ «ደግ ቀን ዛሬ ነው» ካላለ፣ እንደማንኛውም እሮብ መስሎ ይሄዳል።

«ሁሉም ቀን ደግ ከተባለ ደግነቱ የት ላይ ነው?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ልክ ነው። በየቀኑ የሚታረድ በግ የበዓል በግ አይደለም። መጠበቅ ራሱ ደስታ እንደሆነም አልክድም፤ ጋሼ ያንን ቆርቆሮ ሲያርሱ የኖሩት በደስታ ነው። ጥያቄው የቀኑ ቁጥር ማነስ መብዛት አይደለም። ቀኑን የሚሰይመው ማነው? እኛ ካልሰየምነው ሌላ ይሰይመዋል፤ ነቀዝ፣ ሐኪም ወይም የዕድር ጡሩምባ። በየቤታችን ቡፌ ውስጥ እንግዳ የሚጠብቁ ብርጭቆዎች አሉ። አንዳንዶቹ መጀመሪያ የሚወጡት ባለቤትየዋ ያረፈች ዕለት ነው፤ ለለቀስተኛ ውሃ ማቅረቢያ።

ከአራቱ ሲጋሮች ሦስቱ ቀሩ። ጋሼ በቀደም አንዱን በሶፍት ጠቅልለው ለሟቹ ጓደኛቸው ልጅ ወሰዱለት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ልጁ ታሪኩን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሲጋሩን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አሸተተው፣ ከዚያ በታላቅ አክብሮት እንዲህ አለ፦

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ለደግ ቀን አስቀምጠዋለሁ።»

ጋሼ መልስ አልሰጡም። ክብሪታቸውን ከኪሳቸው አወጡ።