ቀለህ ስለሚሞላ ሰው

ዱሮ የተተኮሰ የውጅግራ ቀለህ በከንቱ አይጣልም፤ ጥቁር ባሩድ ተጨምሮበት፣ እርሳስ ቀልጦ ተገጥሞለት እንደገና ይሞላ ነበር። ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበርና። ታዲያ «በእጁ የሞላ ሰው በከንቱ አይገድልም» የሚሉን አሉ። እኛ ግን ነገሩ አልተዋጠልንም። እንዲህ ያለው አዳኝ ይፋግ ማሳ ዳር አንዲት ቆቅ አይቶ ቢያልፋት፣ የራራው ለእሷ ነው ወይስ ለእርሳሱ?

ደግሞም ድካም ራሱ ያጓጓል እኮ! ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ ድረስ አስጎተቱት። ያን ያህል የተለፋበትን መድፍ ሳይተኩሱ መተው ማን ይሆንለታል? ቀለህ የሚሞላውም ሰው፣ በመጠኑ፣ እንደዚያው ነው፤ የሠራውን መሞከር ያምረዋል።

እስቲ ባሩዱንም እርሳሱንም በነጻ እንስጠውና፣ ያችን ቆቅ ያልፋት ይሆን?